የቢያዝን መርዶ

አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ ሞተዋል። መጀመሪያ የሞቱት ጭላት አምባ ተራራ ላይ ነው። ያኔ ስማቸው ክንዱ መርስዔ ኀዘን ነበር፤ ባሕር ዳር ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ የሚማር፣ ጠጉሩን ያጎፈረ፣ ስብሰባ ላይ አፉ የማይዘጋ የደራ፣ የአንበሳሜ ልጅ። በአብዮቱ ዘመን ከጓደኞቹ ጋር ተራራው ላይ ተሸሽጎ ሳለ ወታደር ደረሰባቸውና ሁሉም አለቁ ተባለ፤ ለክንዱም ተለቀሰለት። ሁለተኛ የሞቱት ደግሞ ጣና ላይ ካለች፣ ሴት ከማይገባባት ደሴት ሲመነኩሱ ነው። እንደ ሥርዓቱ በሕይወት ሳሉ ተገንዘው መሬት ላይ ተጋደሙ፤ ፍትሐት ተደገመባቸው፤ በሌላ ስም ተነሡ። የፊተኛው ሞት በስሕተት የመጣ ነው፤ የኋለኛውን ወደውና ፈቅደው ነው የሞቱት።

ይህን ያህል የሞተ ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ ለጉብኝት አይወጣም። አባ ግን በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ወደብ ላይ ከጀልባ ወርደው ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ያውም ወደ ጭላት አምባ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ጭላት አምባ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጉብኝት ቦታ ሆኗል። ጥርጊያ መንገድ ወጥቶለታል፤ አናቱ ላይ ሻይ ቤት ተከፍቷል፤ ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ጣና ዳር የለውም፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ ፎቶ ሊነሡ ይወጣሉ። አሁን ደግሞ በአብዮቱ ጊዜ እዚያ ላለቁት ወጣቶች መታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸውና የሟች ቤተሰቦች ያቋቋሙት ኮሚቴ በምረቃው ቀን ፍትሐት የሚያደርስ ካህን ከገዳሙ ጠየቀ። እንዲህ ላለው ሥራ የሚላኩት አባ ጥዑመ ልሳን ነበሩ፤ እሳቸው ግን እግራቸውን አሟቸው ተኝተዋል። የገዳሙ መምህር አባ ተክለ ጊዮርጊስን ጠርተው «አንተ የደራን አገር ታውቀዋለህ፤ ሂድና ጸልየህላቸው በማታው ጀልባ ተመለስ» አሏቸው። መምህሩ ወደ ገዳሙ የመጡት በቅርብ ነው፤ አባ የየት አገር ልጅ እንደሆኑ እንጂ ምን ገጥሟቸው ደሴት እንደገቡ አያውቁም። አባ እንቢ ለማለት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መነኩሴ ግን ለታዘዘው ነገር እንቢ አይልም፤ «እሺ አባቴ» ብለው ወጡ።

ወደብ ላይ የተቀበለቻቸው ሀኒ የምትባል የኮሚቴው ጸሐፊ ነበረች፤ ኮሌጅ ውስጥ ቢሮ የምትሠራ፣ ቀልጠፍ ያለች ወጣት። መስቀል ተሳልማ ጋቢና ልታስቀምጣቸው ስትል ከኋላ ወንበር ነጭ በነጭ የለበሰች ሴት ብድግ አለች።

«አባ፣ እናቴ ናት፤ የብርጓል ትባላለች» አለች ሀኒ። «ወንድሟ ክንዱ እዚያ ተራራ ላይ ነው የሞተው። ድንጋዩ ሳይቆምም በፊት በየዓመቱ በእግሯ ትወጣ ነበር። ይቅርብሽ ብላት እንቢ አለችኝ።»

የብርጓል መስቀሉን በግንባሯ ነክታ ሳመች። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«እንደምን አደሩ እናቴ» አሉ አባ። አራት ዓመት የሚበልጧትን እኅታቸውን «እናቴ» አሏት፤ ሌላ ቃል አልመጣላቸውም። ሲለዩዋት ገና ኮረዳ ነበረች፤ አሁን ጠጉሯ ነጥቷል። ቢሆንም ሀኒ ባታስተዋውቃቸውም ያውቋት ነበር። ነጠላዋን ሰብስቦ የያዘው እጇ የእናታቸው እጅ ነው።

ሚኒባሱ ዓባይን ተሻግሮ በዘንዘልማ በኩል ወደ ሐሙሲት ሲያመራ፣ ከኋላ ወጣቶቹ ሲሳሳቁ፣ አባ ጋቢና ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ያወጡና ያወርዱ ነበር። ልንገራት ወይስ አልንገራት። ብነግራት የገባሁትን ቃል ማፍረስ ነው፤ ለዓለም ሞቻለሁ ያለ ሰው ተነሥቶ እንደምን ነሽ አይልም። ባልነግራት ደግሞ ይህች ሴት ዛሬም በሕይወት ላለ ሰው ደረቷን ልትደቃ ነው፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ በራሴ ስም ፍትሐት ልደግም ነው። ሁለቱም አያምርም። የማያምረውን ከማያምረው መምረጥ የነበረባቸው ግን ዛሬ ሳይሆን ድሮ ነበር፤ ይህንንም አላጡትም።

እውነቱን ለመናገር ክንዱን ከሞት ያተረፈው ወባ ነው፤ የራሱ ሳይሆን የጓደኛው። ቢያዝን የሚባል የእንፍራንዝ ልጅ አብሯቸው ነበር፤ በዕድሜ ከሁሉም ትንሽ፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ። ወባ ተነሥቶበት ሲንቀጠቀጥ ክንዱ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰውና ክኒን ፍለጋ ወደ ሐሙሲት ወረደ። ካፖርቱ የአባቱ የመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ነበር፤ አንበሳሜ ውስጥ ያን ካፖርት የማያውቅ ሰው የለም። ክንዱ ክኒኑን ይዞ ሲመለስ ተራራው በተኩስ ይናጥ ነበር። ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ተሸሽጎ ዋለና አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ደሴቱ ላይ ጣለው።

ወታደሮቹ የሟቾቹን ልብስ አንበሳሜ ገበያ መሃል አስጥተው የማን እንደሆነ ጠየቁ። የእኔ ነው ብሎ የሚደፍር አልነበረም፤ የክንዱ እናት ግን ካፖርቱን ከሩቅ አይተው ወደቁ። ሬሳ ለሌለው ሰው በልብሱ ይለቀስለታል። የመሪጌታም ቤት ከብዙ ልመና በኋላ እጁ የገባውን ካፖርት አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ ደጁን ዘግቶ፣ ድምፁን አፍኖ ለክንዱ አለቀሰ። ያን ጊዜ ጮክ ብሎ ማልቀስም ያስይዝ ነበር።

ክንዱ መጀመሪያ ወሬ ያልላከው ፈርቶ ነው፤ መኖሩ ቢሰማ አባቱ ይታሠራሉ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ክንዱ የሚባል ሰው አልነበረም፤ የነበሩት አባ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሞቶ ፍትሐት የተደገመለት ሰው ወደ ቤቱ መልእክት አይልክም አሉ አባ። ለእሳቸው ይህ በቂ መልስ ነበር። እናታቸው በቂ ነው ይሉ እንደሆነ አልጠየቋቸውም፤ አሁን ሊጠይቋቸው ቢፈልጉም ከሞቱ ቆይተዋል።

ተራራው አናት ላይ አምሐ የሚባል የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሠራተኛ ማይክሮፎን ይዞ ጠበቃቸው። ደግ ሰው ነው አምሐ፤ ጥፋቱ ማይክሮፎን መውደዱ ብቻ ነው። ጎብኚዎቹን ሰብስቦ መጀመሪያ ሐይቁን አሳያቸው። በስተግራ ደሴቶቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረላቸው፤ የአባን ደሴት ዘለላት፤ በጭጋግ ተሸፍና ነበር። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞረና ስለ ውጊያው ይተርክ ጀመር።

«ይህ ቦታ» አለ አምሐ፣ «ጀግናው ክንዱ መርስዔ ኀዘን የወደቀበት ነው። ጓደኞቹ ካለቁ በኋላ ብቻውን ቀርቶ፣ እዚህች ቋጥኝ ላይ ተንበርክኮ፣ እስከ መጨረሻው ጥይት ተታኮሰ።»

ጎብኚዎቹ ቋጥኟን ፎቶ አነሷት። አንዲት ልጅ ተንበርክካም ተነሣች። አባ ቋጥኟን ትክ ብለው አዩአት። በዕድሜያቸው አንድ ጥይት ተኩሰው አያውቁም፤ ጠመንጃ የያዙትም የጓደኛቸውን ሊወለውሉለት ነው፤ እሱንም በቅጡ አላጸዳኸውም ተብለዋል። እዚህ ቋጥኝ ሥር የነበረው በካፖርት የተጠቀለለ በሽተኛ ልጅ ነው። ያ ልጅ እጁን ከካፖርቱ ማውጣት መቻሉንም እንጃ። አባ አንገታቸውን ደፉ፤ አፍረው ነበር። አምሐ ግን ትረካው የነካቸው መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

የፍትሐቱ ሰዓት ሲደርስ አምሐ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች አንድ በአንድ ላንብብልዎት አለ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ ስም ፍትሐት አይደረግም» አሉ። «ድንጋዩ ላይ ያለው የዓለም ስማቸው ነው። ለጸሎት የክርስትና ስማቸው ነው የሚያስፈልግ። ቤተሰቦቻቸው እየቀረቡ ይንገሩኝ።»

ቤተሰቦቹ ተሰለፉ። አንዱ አጎቱን ወልደ ሚካኤል አለ፤ አንዲት ባልቴት ባሏን ገብረ ማርያም አለች፤ ሌላው የክርስትና ስሙን አላውቀውም ብሎ ስልክ እየደወለ ዘመድ ይጠይቅ ጀመር። አባ የሚነግሯቸውን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ልጅነታቸውን በቃል ጥናት የፈጀ የመሪጌታ ልጅ ለዚህ አያንስም። ዓይናቸው ግን ከሰልፉ መጨረሻ አልተነቀለም። የብርጓል እዚያ ቆማለች።

ተራዋ ደርሶ ጠጋ አለች። የክንዱን የክርስትና ስም ከአፏ ሊሰሙ ነው። ሲሰሙ ምን እንደሚያደርጉ አሁንም አልቆረጡም።

«የወንድምዎ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉ።

«ለወንድሜ አይደለም አባ» አለች የብርጓል ዝግ ብላ። «ወንድሜ ሲመነኩስ ደሴቱ ላይ ፍትሐት ተደግሞለታል፤ ለእሱ ይበቃዋል። እኔ የምፈልግ ካፖርቱን ለብሶ ለሞተው ልጅ ነው። ስሙን አላውቀውም። ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።  ከኋላ ሀኒ ፎቶ ታነሣለች፤ አምሐ ማይክሮፎኑን ይሞክራል፤ የሰማ የለም።

«ወልደ ዮሐንስ» አሉ አባ።

«የዓለም ስሙስ?»

«ቢያዝን።»

«ቢያዝን» ብላ ደገመችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አባ ጸሎቱን አደረሱ። ግእዙ እንደ ወትሮው ፈሰሰላቸው። «አዕርፍ ነፍሶ ለገብርከ ወልደ ዮሐንስ» ከሚለው ሲደርሱ ግን ተያዙ፤ ደግመው ጀምረው እንደገና ተያዙ። ለዚያ ልጅ በየዓመቱ በየካቲት ብቻቸውን ሲጸልዩለት ኖረዋል፤ አንድም ቀን ተይዘው አያውቁም። ዛሬ የሚሰማቸው ሰው ነበረ። ሕዝቡ እርጅና ነው ብሎ በትዕግሥት ጠበቃቸው።

ከምረቃው በኋላ ሰዉ ሻይ ቤቱን ሲያጨናንቅ የብርጓል ከሐይቁ ፊት ለፊት አንዲት ወይራ ሥር ብቻዋን ተቀመጠች። አባ ሄደው ከፊቷ ቆሙ። ካህን ስለሆኑ ትነሣለች ብለው ጠበቁ። አልተነሣችም።

«ተቀመጥ» አለቻቸው። ከስንት ዘመን በኋላ አንተ ያለቻቸው ሴት እሷ ናት።

ተቀመጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሀኒ ሳትወለድ ነው። የደሴቱ ታቦት ስለት ሰምቶኝ ላስገባ በጀልባ መጣሁ። ሴት አይገባምና ወደቡ ላይ ቁጭ ብየ ሳለ ከላይ ዜማ ሰማሁ። አባታችን ድጓ ሲል መጨረሻው ላይ ድምፁን የሚጥልበት ቦታ አለ፤ ያን የሚችል እሱና አንተ ብቻ ነበራችሁ። የሚያዜመው ማን ነው ብየ ዲያቆኑን ጠየቅሁት። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፣ የደራ ሰው ናቸው አለኝ። ስለቴን ሰጥቸ ተመለስሁ። ዛሬም ወደብ ላይ ድምፅህን ስሰማ አወቅሁህ።»

«አስጠርተሽኝ ቢሆን እኮ...»

«ትመጣ ነበር?»

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ» አለች። «ለዓለም የሞተ ሰው ነው፤ ተይው አሉኝ። ተውሁህ። ተናድጄ ነው የተውሁህ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። እናታችን ያን ካፖርት ታቅፋ ነው የሞተች።»

አባ በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ፤ መነኩሴ እንደሚያለቅሰው ሳይሆን፣ እናቱ እንደሞተችበት ሰው። የብርጓል አላባበለቻቸውም። እስኪጨርሱ ሐይቁን ስታይ ቆየች።

«ታዲያ በየዓመቱ እየወጣሽ ያለቀስሽ ለማን ነው?» አሉ ቆይተው።

«ካፖርቱን ለለበሰው ነዋ። አንተ ካለህ ካፖርትህን ለብሶ እዚያ የሞተ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። እኛ የእሱን ለቅሶ ላንተ አለቀስነው። ማንም እንደማያለቅስለት እያወቅሁ እንዴት እተወዋለሁ? ግን ስም የለው። ስም ለሌለው ሰው ሙሾ ማውጣት እንዴት እንደሚከብድ አታውቀውም። ልጄ እንዳልል አልወለድሁት፤ ወንድሜ እንዳልል ወንድሜ አንተ ነህ።» ወደሳቸው ዞረች። «እናት ነበረችው?»

«ነበረችው። ሙሉነሽ ትባላለች። እንፍራንዝ።»

«መርዶውን ማን ነገራት?»

 ከሁሉም ጥያቄ ሲሸሹት የኖሩት ይህን ነበር። በተራራው ላይ ቢያዝን መኖሩን የሚያውቁት ሁሉ አልቀዋል፤ የቀሩት እሳቸው ናቸው። ልብሱም ገበያ ላይ አልተገኘም፤ የተገኘው የክንዱ ካፖርት ነው።

«ማንም» አሉ። «ጸሎት ግን አላቋረጥሁበትም። በየዓመቱ በስሙ...»

«ለእሱ ጸለይህ። ለእሷስ?»

«እኔ እኮ የብሬ፣ ለዓለም...»

«ለዓለም ሞቻለሁ ልትለኝ ነው» ብላ አቋረጠቻቸው። «እሱን ከተቀበልሁት ቆየሁ። ለእኔ ሙት፤ ግዴለም። ለእናታችንም ሞተህ ቀረህ፤ አለፈ። የቢያዝን ሞት ግን ያንተ አይደለም፤ የናቱ ነው። ምን ሥልጣን ኖሮህ ነው የያዝህባት?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ ከገዳሙ ሊቃውንት አንዱም ጠይቋቸው አያውቅም። አባ መልስ ፍለጋ ወደ ሐይቁ አዩ። ጭጋጉ ተገፎ ደሴታቸው ብቅ ብላለች፤ ማታ ጀልባ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ቢገቡ ነገሩ ያልቃል፤ እሷም እንደ እስከ ዛሬው ትታቸው ትሄዳለች። አባ ተነሡና ሀኒን ጠሩ።

«ልጄ፣ መምህራችን ዘንድ ደውይልኝ» አሉ።

ሀኒ ደውላ ስልኳን ሰጠቻቸው። አባ ስልክ ይዘው የማያውቁ ስለሆነ ጆሯቸው ላይ ገልብጠው ያዙት፤ አስተካከለችላቸው። ዛሬ አልገባም፣ እንፍራንዝ መሄድ አለብኝ አሉ። መርዶ ነው አሉ። የማን ሲባሉ የጓደኛዬ አሉ፤ ስመነኩስ ያልተናገርሁት ነገር አለ ብለው እዚያው ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። 

«ሂድ» አሉ መምህሩ። «ንስሐህን ስትመለስ እንነጋገርበታለን። መርዶው ግን ከዚህ በላይ አይቆይም።»

ሀኒ አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እናቷን ታያለች፤ መነኩሴውን ታያለች፤ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም ታያለች።

«እማ፣ አባ ማለት...?»

«አጎትሽ ነው» አለች የብርጓል። «አፍሽን ዝጊና የጎንደር መኪና ፈልጊልን።»

ለአምሐ ምንም አልተነገረውም። ዛሬም ያችን ቋጥኝ ያስጎበኛል።

አባና የብርጓል ከሐሙሲት በጎንደር መኪና ተሳፍረው እንፍራንዝ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሙሉነሽ የምትባል ቢያዝን የሚባል ልጅ የነበራት ሴት ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አለቃው ቄስ ገድሉ ያውቋታል፤ አርጅታለች እንጂ በሕይወት አለች። ጉዳዩን ሲነግሯቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህን ያህል ዘመን አልፎ ምን ይጠቅማታል አባ?» አሉ ቄስ ገድሉ። «ተስፋ ከቆረጠች ቆይታለች። ሰላሟን ለምን እንነሣታለን?»

አባም ልባቸው ወደዚያው አዘነበለ፤ መውጫ ያገኙ መሰላቸው። ከኋላቸው የቆመችው የብርጓል ግን «ሰላም እንዳላትና እንደሌላት በምን አወቁ?» አለች። ቄሱ ወደ አባ አዩ፤ አባ ወደ መሬት አዩ። መርዶው ለንጋት ተቀጠረ።

መርዶ እንደ ወጉ ሳይነጋ ነው የሚረዳው። ጎረቤቱ በሹክሹክታ ተጠራርቶ፣ ቄስ ገድሉ ከፊት፣ አባና የብርጓል ከኋላ ሆነው ደጁ ላይ ቆሙ። ከመንኳኳቱ በፊት በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ሙሉነሽ በዘንግ ተደግፈው ወጡ፤ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ግን የማይስት። በጭላንጭሉ የቆመውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት። እንዲህ ሆኖ ሳይነጋ ደጅ ላይ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ በዚያ አገር የለም።

«የማን ነው?» አሉ። «መርዶ ያልሰማሁለት የቀረኝ አንድ ነው።»

ቄስ ገድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መናገር የነበረባቸው እሳቸው ናቸው፤ ልማዱም እንዲያ ነው። አባ ግን አለፏቸው።

«የቢያዝን ነው» አሉ። «አብሬው ነበርሁ። ስሜ ክንዱ ነው፤ ክንዱ መርስዔ ኀዘን። በአብዮቱ ጊዜ፣ በየካቲት፣ ጭላት አምባ ላይ ነው የሞተ። አሞት ነበር፤ እኔ መድኃኒት ፍለጋ ስወርድ ተገደለ። መጥቸ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። አልመጣሁም።»

ያን ስም ከተዉት በኋላ በአፋቸው ሲሉት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ወይዘሮ ሙሉነሽ አልጮኹም። ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ርምጃ ተራምደው መደቡ ላይ ተቀመጡና ዘንጋቸውን አጠገባቸው አስተኙት። ሰው ተከትሏቸው ገባ።

«ከአገር ወጥቶ ነው እል ነበር» አሉ። «ሱዳን ነው እል ነበር። ረስቶኝ ነው እል ነበር። እየረገምሁት ያደርሁበት ጊዜ አለ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ለካ አልረሳኝም።»

 አባ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ይህን ያህል ዘመን አንድ እናት ልጇን ስትረግም ያኖሯት እሳቸው ናቸው።

«ሰው አለቀሰለት?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

የመለሰችው የብርጓል ናት። «እኔ አልቅሸለታለሁ» አለች። «መጀመሪያ ወንድሜ መስሎኝ ነው። ወንድሜ እንዳልሆነ ካወቅሁ በኋላም አልተውሁትም። በየዓመቱ ከሞተበት ድረስ እየወጣሁ አልቅሻለሁ። ስሙን ነው ያላወቅሁ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀና ብለው አዩአት። የማያውቋት ሴት ናት፤ አገሯን፣ የማን ልጅ መሆኗን አልጠየቁም። ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት መደብ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ» አሉ። «ከለቀስተኛው ጋር ምን ያቆምሻል፤ እዚህ ከኔ ጋር ነው ቦታሽ።»

የብርጓል ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወይዘሮ ሙሉነሽ እጇን ያዙና፣ እሳቸውን ገና ማንም ሳያጽናናቸው፣ «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት።

ለቅሶው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አባ ተክለ ጊዮርጊስም ከጎረቤቱ ጋር በሩ ሥር እንደቆሙ አለቀሱ።